ኮክሬን ላይብረሪን ለአማርኛ አንባቢ ስመዝነው

ኮክሬን ላይብረሪ «ይህ ሕክምና በእርግጥ ይሠራል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት፣ በአንድ ጉዳይ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ከያሉበት ፈልጎ፣ አጥርቶና መዝኖ በአንድ ሰነድ የሚያቀርብ የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። ሐኪሞችና ተመራማሪዎች በደንብ ያውቁታል፤ ከሙያው ውጭ ያለው አማርኛ አንባቢ ግን ስሙን እንኳ የሰማው አይመስለኝም። ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ ሰው እንደመሆኔ፣ ደንበኞች ከቲክቶክና ከፌስቡክ የሰሙትን ይዘው ሲመጡና ሲጠይቁኝ፣ ከመመለሴ በፊት የማመሳክርበት ዋናው ቦታ ይህ ነው። የምጽፈው ግን ለባለሙያ አይደለም፤ ስለ ልጁ ሳል ወይም ስለ እናቱ ደም ግፊት መረጃ ፍለጋ ስልኩን ለሚከፍት ሰው ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ በጤና ጉዳይ ላይ ካየኋቸው የመረጃ ምንጮች መካከል ይህን ያህል ሐቀኛ አላገኘሁም፤ መልሱን ከመስጠት አልፎ መልሱ ምን ያህል እንደሚታመን ጭምር ይነግራልና። ጉድለትም አለበት፤ ከጉድለቶቹ አንዱ በተለይ እኛን የሚነካ ስለሆነ ወደ በኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ።

አገልግሎቱ ስሙን ያገኘው ስኮትላንድ ውስጥ በ1909 ከተወለዱትና በ1988 ካረፉት ሐኪምና ጸሐፊ ከአርቺ ኮክሬን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። እኚህን ሰው ሳያውቁ ቤተ መጻሕፍቱ ለምን እንደዚህ ጠንቃቃ እንደሆነ መረዳት ስለሚከብድ ጥቂት ልበል። በ1930ዎቹ፣ ወጣት ሳሉ፣ እንግሊዝ ውስጥ ሕክምናን ለሁሉም ስለማዳረስ ክርክር በሚደረግበት ወቅት፣ «ውጤታማ ሕክምና ሁሉ በነፃ ይሁን» የሚል መፈክር ይዘው ለንደን ውስጥ ሰልፍ ወጥተው ነበር። ሕክምና ነፃ እንዲሆን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነበር፤ አስቀድሞ መሥራቱ ይረጋገጥ የሚል ግን እምብዛም አልነበረም። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በአምቡላንስ ክፍል አገልግለዋል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ በ1941 ቀርጤስ ደሴት ላይ በጀርመኖች እጅ ወደቁና ሳሎኒካ በምትባል የግሪክ ከተማ በነበረ የምርኮኞች ካምፕ የእስረኞቹ ሐኪም ሆኑ።

በዚያ ካምፕ ውስጥ ረኃብ የጎዳቸው ምርኮኞች እግራቸው ያብጥ ጀመር። ኮክሬንም ራሳቸው ታመዋል፣ እግራቸውም አብጧል። የቫይታሚን ቢ እጥረት ይሆናል ብለው ስለጠረጠሩ ሃያ ሕሙማንን ለሁለት ከፍለው በሁለት ክፍል አስተኟቸው፤ ለአሥሩ ቫይታሚን ቢ ያለበት እርሾ፣ ለአሥሩ ቫይታሚን ሲ ሰጧቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ እርሾ ያገኙት ለውጥ አሳዩ። ኮክሬን ይህንን ቁጥር ይዘው ለጀርመኖቹ አቀረቡ፤ እርሾውም ለካምፑ ተላከ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ከዓመታት በኋላ ስለዚህ ሙከራ የጻፉት ነው፤ የመጀመሪያቸው፣ እጅግ ደካማውና እጅግ የተሳካላቸው ሙከራ ብለው ጠርተውታል። የተሳካውን ሥራቸውን ደካማ ነው ለማለት ያልፈሩት፣ የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ፣ ጊዜው አጭር፣ ግምታቸውም ያልተረጋገጠ መሆኑን ስለሚያውቁ ነበር። ዛሬ በስማቸው የተሰየመው ቤተ መጻሕፍት እያንዳንዱን ጥናት የሚመረምረው በዚሁ ዓይን ነው።

ሌላም ታሪክ አላቸው፤ ለባልደረቦቼ ደጋግሜ የምነግረው። የልብ ሕመም ድንገት የጣላቸው ሰዎች ሆስፒታል ውስጥ ባለ ልዩ የልብ ክትትል ክፍል ቢታከሙ ይሻላል ወይስ ቤታቸው ሆነው ቢታከሙ የሚል ሙከራ እንግሊዝ ውስጥ ሲካሄድ፣ ጥናቱ ወር እየቆጠረ ሄዶ የመጀመሪያው ውጤት ለተቆጣጣሪው ኮሚቴ የሚቀርብበት ቀን ደረሰ። እውነተኛው ውጤት ቤት ሆነው የታከሙት በጥቂቱ የተሻሉ መሆናቸውን የሚያሳይ ነበር፤ ልዩነቱ ግን ከአጋጣሚ የማያልፍ ትንሽ ነው። ኮክሬን በመጀመሪያ ቁጥሮቹን ገልብጠው፣ ሆስፒታል የሚሻል አስመስለው አቀረቡ። የልብ ሐኪሞቹ ወዲያው ተቆጡ፤ ይህ ሙከራ ከሥነ ምግባር ውጭ ነው፣ አሁኑኑ ይቁም አሉ። ተናግረው ሲጨርሱ ኮክሬን እውነተኛውን ቁጥር አወጡና፣ እንግዲያው የሆስፒታሉ ክፍል አሁኑኑ ይዘጋ በሉ ብለው ጠየቋቸው። መልስ የሰጠ አልነበረም። አንድ ዓይነት ቁጥር፣ የምንወደውን ሲደግፍ በቂ ማስረጃ፣ የማንወደውን ሲደግፍ ደግሞ ኢምንት ሆኖ እንደሚታየን ከዚህ የበለጠ ያሳየኝ ነገር የለም።

ኮክሬን በ1972 ባሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ፣ የሕክምና አገልግሎት ገንዘቡን በዕጣ ምደባ (ማን የትኛውን ሕክምና እንደሚያገኝ በዕጣ በመለየት) በተካሄዱ ሙከራዎች በተፈተነ ሕክምና ላይ እንዲያውል ተከራከሩ። በ1979 ደግሞ ሙያቸውን በጽሑፍ ወቀሱ፤ በየዘርፉ የተደረጉ ሙከራዎችን ሁሉ ሰብስቦና መርምሮ በየጊዜው እያደሰ የሚያቀርብ አካል ሕክምና ስለሌለው። ወቀሳውን ተቀብለው ወደ ሥራ ከገቡት አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ኢየን ቻልመርስ ናቸው፤ በእርሳቸው አስተባባሪነት የኮክሬን ድርጅት በ1993 ኦክስፎርድ ላይ ተመሠረተ። ኮክሬን ይህን ሳያዩ ከአምስት ዓመት በፊት አርፈዋል።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስንገባ መጀመሪያ የሚታየን የድርጅቱ ዓርማ ነው፤ ብዙ ሰው እንደ ጌጥ አይቶት ያልፋል። ክብ ውስጥ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አለ፤ መስመሩን የሚያቋርጡ ወይም ከጎኑ የሚቆሙ አጫጭር አግዳሚ መስመሮች አሉ፤ ከታች ደግሞ አንድ ዳይመንድ መሳይ ቅርጽ ይታያል። እያንዳንዱ አግዳሚ መስመር የአንድ ሙከራ ውጤት ነው። ቀጥ ያለው መስመር «ልዩነት የለም» የሚባልበት ወሰን ነው፤ ከእርሱ በስተግራ መሆን መድኃኒቱ ጠቅሟል ማለት ሲሆን፣ መስመሩን የሚያቋርጥ ውጤት ግን በእርግጠኝነት ጠቅሟል ማለት አይቻልም። የአግዳሚው ርዝመት የእርግጠኛነት ጉድለት ነው፤ ትንሽ ጥናት ረጅም መስመር ይኖረዋል፣ ትልቅ ጥናት አጭር። ዳይመንዱ ሁሉም ሲደመሩ የሚሰጡት መልስ ነው።

ዓርማው የያዘው እውነተኛ ጥናቶችን ነው። ያለ ጊዜው ሊወለድ የደረሰ ሕፃን ሳንባው እንዲጠነክር ለእናቲቱ ከወሊድ በፊት ኮርቲኮስቴሮይድ መርፌ መስጠት ይጠቅማል ወይ የሚለውን የሚመለከት ነው። የመጀመሪያውን ሙከራ በ1972 ያሳተሙት የኒውዚላንድ ሐኪሞች ሊጊንስና ሃዊ ነበሩ። ተከታታይ ሙከራዎች ተደርገዋል፤ ብዙዎቹ ትንንሽ ስለነበሩ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲታዩ አያሳምኑም፤ አግዳሚ መስመሮቻቸውም ወሰኑን ያቋርጣሉ። ሲደመሩ ግን ዳይመንዱ ከወሰኑ በስተግራ ጥርት ብሎ ይቆማል። ማስረጃው ተበታትኖ በቆየበት ጊዜ ብዙ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች መርፌውን ሳይሰጡ ዓመታት አለፉ፤ ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ሕፃናትም ሞተዋል። ድርጅቱ ይህንን ሐዘን መለያው ማድረጉን አከብራለሁ።

በ2020 የታደሰው የዚሁ ጉዳይ የኮክሬን ግምገማ (ጥናቶቹን መዝኖ የሚደምረው ሰነድ) ከ20 አገሮች የመጡ 27 ጥናቶችን፣ 11,272 እናቶችንና 11,925 ሕፃናትን ይዟል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር መድኃኒቱን ካገኙት ዘንድ በ22 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ለኢትዮጵያ አንባቢ አንድ ነገር እዚህ ላይ መጨመር አለብኝ። በ2015 የታተመ፣ ኬንያና ዛምቢያን ጨምሮ በስድስት አገሮች በማኅበረሰብ ደረጃ የተካሄደ ትልቅ ሙከራ፣ መርፌውን በሰፊው ማዳረስ የሕፃናትን ሞት እንዳልቀነሰ፣ ይልቁንም በጠቅላላው እንደጨመረ አሳይቶ ነበር። በ2020 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ሙከራ ደግሞ፣ የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል በሚታወቅበትና ለሕፃኑ ተገቢ እንክብካቤ ባለበት ሆስፒታል፣ በደሃ አገሮችም ቢሆን ሕይወት እንደሚያድን አረጋገጠ። አንድ መድኃኒት «ይሠራል» ሲባል የት፣ ለማንና በምን ዝግጅት ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የኮክሬን ሰነዶችም ይህንን ጥያቄ የሚመልስ ሰንጠረዥ አላቸው።

አገልግሎቱን ለመፈተን ከሁሉ የሚቀለው በየቤታችን የሚነሳውን ጥያቄ ይዞ መግባት ነው። ጉንፋንን እንውሰድ። ፋርማሲ መጥቶ «ቫይታሚን ሲ ስጠኝ፣ እንዳይዘኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ስለዚህ የተሠራው የ2013 ግምገማ 29 ሙከራዎችንና 11,306 ሰዎችን መዝኗል። በየቀኑ ቫይታሚን ሲ መውሰድ ተራውን ሰው ጉንፋን ከመያዝ አላዳነውም፤ ሕመሙን ግን በአዋቂዎች ላይ በ8 በመቶ፣ በልጆች ላይ በ14 በመቶ ያህል አሳጥሮታል። ከያዘ በኋላ መጀመር ወጥ የሆነ ጥቅም አላሳየም። ለየት ያለ ውጤት የተገኘው እንደ ማራቶን ሯጮች ያሉ፣ ለአጭር ጊዜ ከባድ የአካል ጫና ውስጥ በሚገቡ ሰዎች ላይ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ የጉንፋን መያዝ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። በሯጮች አገር ይህ ቁም ነገር ነው፤ በአማርኛ ሲነገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

ነጭ ሽንኩርትስ? እዚህ ላይ ነው ቤተ መጻሕፍቱ ባሕርዩን የሚያሳየው። መመዘኛውን ያሟላ አንድ ሙከራ ብቻ ነው ያገኙት፤ 146 ሰዎች ለ12 ሳምንታት የተከታተሉበት። የነጭ ሽንኩርት እንክብል የወሰዱት ወገኖች 24 ጊዜ፣ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ የወሰዱት ደግሞ 65 ጊዜ በጉንፋን ተይዘዋል። ይህንን ቁጥር የሚያገኝ ነጋዴ ወዲያው ማስታወቂያ ይሠራበታል። የኮክሬን ጸሐፊዎች ግን ጥናቱ አንድ ብቻ መሆኑን፣ ሰዎቹ ሕመማቸውን ራሳቸው መመዝገባቸውን ገልጸው፣ ማስረጃው በቂ አይደለም ብለው ደመደሙ። እኛ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በጤና አዳም ያደግን ሰዎች ይህን ስናነብ ቅር ሊለን ይችላል፤ ነገር ግን «አይሠራም» አላሉም። በቂ ማስረጃ አለመኖሩና አለመሥራቱ መረጋገጡ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የልጆች ሳልና ማር ደግሞ ደስ የሚል ውጤት አለው። በ2018 የታደሰው ግምገማ ስድስት ሙከራዎችንና 899 ልጆችን ይዞ፣ ማር ምንም ካለመስጠትና ከማስመሰያ መድኃኒት የተሻለ ሳይሆን እንዳልቀረ፣ ከአንዱ የታወቀ የሳል ሽሮፕ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ብዙ ልዩነት እንደሌለው ይናገራል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን ማር መቅመስ የለበትም፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ቦቱሊዝም የሚባል በሽታ የሚያመጣ ተህዋሲ ለእርሱ አደገኛ ነው። አራስ ልጅን ማር ማቅመስ በሚለመድበት አገር ይህ ማስጠንቀቂያ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ። አንቲባዮቲክን በተመለከተ ማብራሪያም አያስፈልግ፦ ለተራ ጉንፋን ጥቅሙ አልታየም፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን በአዋቂዎች ላይ ታይቷል። አሞክሳሲሊን ያለ ማዘዣ ካልሰጣችሁኝ ብሎ ለሚቆጣ ደንበኛ ይህንን ገጽ ከፍቼ አሳይቼ አውቃለሁ፤ አንዳንዱ ያነባል፣ አንዳንዱ ወደሚቀጥለው መድኃኒት ቤት ይሄዳል።

ከጉንፋን አልፈን ወደሚገድሉት በሽታዎች ስንሄድ የአገልግሎቱ ክብደት ይበልጥ ይታያል። በከባድ ወባ የተያዘ ሰው በደም ሥር ኩዊኒን የሚባለው የቆየ የወባ መድኃኒት ቢሰጠው ይሻላል ወይስ አርቴሱኔት የሚባለው የሚለውን ግምገማ ተመልከቱ። በ2012 የታደሰው እትም 1,664 አዋቂዎችንና 5,765 ልጆችን ያካተቱ ስምንት ሙከራዎችን ደምሯል፤ አርቴሱኔት ከኩዊኒን ጋር ሲነጻጸር የሞትን መጠን በአዋቂዎች በ39 በመቶ፣ በልጆች በ24 በመቶ ቀንሷል። ለዘመናት ኩዊኒንን ያመነ ሐኪም ልማዱን እንዲተው የሚያሳምነው እንዲህ ያለ ድምር ነው። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ከኦ.አር.ኤስ. ጋር የሚሰጠው የዚንክ ኪኒንም፣ 33 ሙከራዎችና 10,841 ልጆች ተመዝነውበት፣ ከስድስት ወር በላይ ባሉት ላይ ሕመሙን በግማሽ ቀን ገደማ እንደሚያሳጥር፣ ከስድስት ወር በታች ባሉት ላይ ግን ጥቅሙ እንዳልታየ፣ ማስመለስንም እንደሚጨምር ተጽፏል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ኪኒኑን ስትሰጥ «ሊያስመልሰው ይችላል፣ አትደንግጪ» ብትል እናትየዋ መድኃኒቱን አታቋርጥም ነበር።

በዚህ ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ውስጥ ይበልጥ የሚያስከብረው ምዕራፍ ግን ታሚፍሉ የሚባለው የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ጉዳይ ይመስለኛል። በ2009 ሃያሺ የሚባሉ ጃፓናዊ የሕፃናት ሐኪም አንድ አጭር አስተያየት ላኩ፦ መድኃኒቱ የኢንፍሉዌንዛን መዘዝ ይቀንሳል ያላችሁት በአንድ የድምር ጥናት ላይ ተመሥርታችሁ ነው፤ ያ ጥናት ከደመራቸው አሥር ሙከራዎች ግን በሕክምና መጽሔት የወጡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቀሩትን ስምንቱን አይታችኋል ወይ? አላዩም ነበር። ገምጋሚዎቹ ጥያቄውን ትክክል ነው ብለው ተቀበሉ፤ አምራቹን ሮሽን ሙሉ መረጃውን እንዲሰጥ ጠየቁ፤ ክርክሩም ለዓመታት ከቆየ በኋላ በ2013 ሙሉ ሰነዶቹ ተሰጡ። በ2014 የወጣው አዲስ ግምገማ፣ መድኃኒቱ በአዋቂዎች ላይ የሕመም ስሜቱን ከሰባት ቀን ወደ 6.3 ቀን እንዳሳጠረ፣ ሆስፒታል ከመግባት ግን እንዳላዳነ፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስም እንደሚያመጣ አሳወቀ። እንግሊዝ ይህን መድኃኒት ለማከማቸት ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥታ ነበር። የአንድ ሩቅ አገር ሐኪም ጥያቄ ሰምቶ የራሱን ድምዳሜ የሚከልስ ተቋም ማየት የተለመደ አይደለም።

ስለ ጉድለቶቹ ልናገር። የመጀመሪያው፣ ሰነዶቹ ረጃጅም ናቸው፤ መቶ ገጽ የሚያልፉም አሉ። ለተራ አንባቢ የሚበጀው በቀላል ቋንቋ የተጻፈው ማጠቃለያ ነው፤ እርሱም ቢሆን አንዳንዴ ከጥንቃቄ ብዛት ምን ለማለት እንደፈለገ ይጠፋል። በ2023 መጀመሪያ ላይ የደረሰው ለዚህ ምስክር ነው። የመተንፈሻ አካል ተላላፊ በሽታዎችን ስለሚገቱ አካላዊ ዘዴዎች 78 ሙከራዎችን የመዘነ ግምገማ ወጥቶ፣ ብዙ የዜና ሰዎች «ጭምብል እንደማይሠራ ተረጋገጠ» ብለው አስተጋቡት። ግምገማው ያለው ግን ያለው ማስረጃ ጥራቱ ደካማ በመሆኑ ጭምብል እንዲያደርጉ ሰዎችን ማበረታታት ሥርጭትን ይቀንስ እንደሆነ መደምደም አይቻልም የሚል ነበር። በመጋቢት ወር ዋና አዘጋጇ መግለጫ አውጥተው፣ አተረጓጎሙ ትክክል አለመሆኑን፣ የማጠቃለያው አጻጻፍም ለተሳሳተ ንባብ የተጋለጠ እንደነበር ተናገሩ። ማመናቸው ጥሩ ነው፤ መግለጫው ግን የመጣው ወሬው ዓለምን ከዞረ በኋላ ነው።

ሁለተኛው፣ ሁሉም ግምገማ ወቅታዊ አይደለም። እያንዳንዱ ሰነድ ጥናቶች የተፈለጉበት የመጨረሻ ቀን ተጽፎበታል፤ አንባቢው ከምንም በፊት ይህንን ቀን ማየት አለበት፤ ከላይ የጠቀስኳቸው የቫይታሚን ሲና የአንቲባዮቲክ ግምገማዎች ራሳቸው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በ2023 ለብሪታንያ የግምገማ ቡድኖች ይሰጥ የነበረው የመንግሥት የምርምር ገንዘብ መቋረጡም ለወደፊቱ ያሳስበኛል። ሦስተኛው፣ እኛ የምንጠይቀውን ሁሉ አይመልስም። ስለ ዳማከሴ የተሠራ ግምገማ የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም፤ ምክንያቱም የሚደመር በቂ ሙከራ አልተደረገም። ይህ የቤተ መጻሕፍቱ ጥፋት አይደለም፤ የባህል መድኃኒቶቻችንን በዕጣ ምደባ የመፈተን ሥራ የሚጠብቀው ከእኛው ዩኒቨርሲቲዎች ነው።

የበለጠ የሚቆረቁረኝ ግን የቋንቋው ነገር ነው። ቀላሉ ማጠቃለያ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛ፣ በፋርስኛ፣ በማላይኛ፣ በጃፓንኛ፣ በቻይንኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ይገኛል፤ በአማርኛ ግን የለም። ስለዚህ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው፣ ይህን መረጃ ከማንም በላይ የሚፈልገው፣ ከደጃፉ ይመለሳል፤ ባዶውን ቦታ የሚሞላለት ደግሞ በዩቲዩብ «ስኳርን በሁለት ሳምንት የሚያጠፋ» ብሎ ዱቄት የሚሸጥለት ነው። የስኳር ሕመምተኛ እንዲህ ያለውን ሰምቶ ኢንሱሊኑን ሲያቋርጥ የሚከተለውን እኔና ባልደረቦቼ እናውቃለን። የማሽን ትርጉም አለ ይባል ይሆናል፤ ሞክሬዋለሁ። «ማስረጃው ዝቅተኛ እርግጠኛነት አለው» የሚለውን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ትርጉሙን ሲያዛባው፣ ጥንቃቄው ጠፍቶ ተስፋው ብቻ ይቀራል፤ በሕክምና መረጃ ላይ ደግሞ ትልቁ አደጋ ይኸው ነው።

ለመጠቀም ለሚፈልግ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ለሚከፍተው ሰው ሙሉው ሰነድ ያለ ክፍያ ይነበባል፤ ድርጅቱ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች በሩን ክፍት አድርጓል። አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን አገር አቀፍ ስምምነት ስለሌለ፣ አዲስ የወጣ ግምገማ ሙሉ ጽሑፉ ሊዘጋባቸው ይችላል፤ ማጠቃለያው ግን ለሁሉም ነፃ ነው፣ ከ2013 ወዲህ የታተሙት አብዛኞቹ ግምገማዎችም ከአንድ ዓመት በኋላ ለሁሉም ይከፈታሉ። ገብታችሁ የመድኃኒቱንና የበሽታውን ስም በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ በቀላል ቋንቋ ወደተጻፈው ማጠቃለያ ውረዱ፤ የፍለጋውን ቀን እዩ፤ ከዚያ ማስረጃው ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ ወይም በጣም ዝቅተኛ ተብሎ የተመዘነበትን ቦታ ፈልጉ። ጊዜ ያለው ሰው የጥናቶቹን ጥራት የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ቢያይ ብዙ ይማርበታል፤ ሰዎቹ በዕጣ በትክክል የተመደቡ ከሆነ አረንጓዴ ክብ ከመደመር ምልክት ጋር፣ ካልታወቀ ቢጫ ከጥያቄ ምልክት ጋር፣ ጉድለት ካለበት ቀይ ከመቀነስ ምልክት ጋር ተቀምጧል። አንድ ረድፍ ሙሉ በሙሉ ቀይ ሆኖ ሲታይ፣ ያ ጥናት በጋዜጣ ላይ ምንም ያህል ቢጮህለት ምን ዋጋ እንዳለው ይገባችኋል። የምታነቡት ሐኪማችሁን ለመተካት ሳይሆን፣ ሐኪማችሁ ፊት ስትቀመጡ «ይህ መድኃኒት ለእኔ ምን ያህል ይጠቅማል፣ ምን ያህልስ ይጎዳል?» ብላችሁ ለመጠየቅ ይሁን።

በሌሎች ቋንቋዎች የሚወጡትን ማጠቃለያዎች በብዛት የሚተረጉሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እንግሊዝኛም አማርኛም የሚችሉ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶችና የሕክምና ተማሪዎች በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ አሉን፤ የሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን ከድርጅቱ ጋር ተነጋግረው ይህንን ሥራ ቢያስተባብሩ የሚያስፈልገው ጊዜና ጥንቃቄ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይደለም። ከየት ይጀመር ለሚለኝ፣ የማሩን፣ የዚንኩንና ለጉንፋን የሚወሰደውን አንቲባዮቲክ ማጠቃለያዎች አስቀድማለሁ፤ ሦስቱም በየዕለቱ በፋርማሲ መስኮት የሚጠየቁ ናቸው፣ ሦስቱም ከአንድ ሁለት ገጽ አይበልጡም።